የጡብ ቤትና የጭቃ ቤት ታሪክ

የአንድ አሮጌ ቤት ታሪክ በተጻፈ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የባለቤቱ ታሪክ ነው። እገሌ የተባለ መኰንን በዚህ ዘመን አሠራው፤ ከእርሱ በኋላ ልጁ ወረሰው፤ ከዚያም ወደ እገሌ እጅ ተላለፈ ይባላል። ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፥ አፈሩ ከወዴት እንደ ተቆፈረ፥ ጣራውን የተሸከመው እንጨት ከየት እንደ ተቆረጠ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ቤት የሚናገረው ስለ ጌታው ብቻ አይደለም፤ ስለ አገሩ መሬት፥ ስለ አገሩ ደንና ስለ ሠራተኛው እጅ የሚናገረው ይበልጣል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የቤትን ታሪክ ከግድግዳው ጀምረን እንመለከታለን፤ በተለይም በአንድ ወገን ጡብ የሚሠራበት፥ በሌላው ወገን ደግሞ ጭቃ የሚመረግበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እንመረምራለን። ዓመታቱንም በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአውሮፓ አቆጣጠር በሆነ ጊዜ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ጡብ ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ጡብ በከተማችን ሸክላ ተብሎም የሚጠራው፥ ጭቃ ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫ ተቀርጾ፥ ለብዙ ቀን በጥላና በነፋስ ደርቆ፥ በመጨረሻ በእሳት የበሰለ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳም ከዚያው አፈርና ከዚያው ውኃ የተሠራ ነው፤ የሚለየው ፀሐይ ብቻ ያደረቀው፥ እሳት ያልነካው በመሆኑ ነው። እንግዲህ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ነገር ግን በፀሐይ የደረቀው ጭቃ ውኃ በነካው ጊዜ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ በእሳት የበሰለው ግን ሺህ ዓመት ዝናብ ቢወርድበት ወደ ቀድሞ ነገሩ አይመለስም። ይህም እንዲሆን እሳቱ እስከ 900 ወይም 1,000 ዲግሪ ድረስ መጋል፥ ለብዙ ቀንም ሳይቋረጥ መንደድ አለበት። ስለዚህ ጡብ ያለው አገር ለመባል አፈር መኖሩ አይበቃም፤ አፈርማ በሁሉ አገር አለ። ከምግብ ማብሰያና ከሙቀት ተርፎ ለምድጃ የሚሆን እንጨት ወይም የድንጋይ ከሰል መኖር ያስፈልጋል። የምንተርከው ታሪክ ሁሉ በዚህ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

ብዙ ሰው የጡብ ሥራ ከአውሮፓ ሰዎች ጋር ወደ አገራችን የገባ ይመስለዋል። በአክሱም የተገኘው ሥራ ግን ይህን አሳብ ያፈርሰዋል። በ1966 ዓ.ም. ኔቪል ቺቲክ የተባለ እንግሊዛዊ የታሪክ መርማሪ በታላላቆቹ ሐውልቶች ሜዳ ሲያስቆፍር ከመሬት በታች የተሠራ መቃብር አገኘ። ወደ መቃብሩ በድንጋይ ደረጃ ይወረዳል፤ በውስጡም ክፍሎቹን የሚለያዩ ቅስቶች ቆመዋል። ቅስቶቹ በእሳት በበሰለ ጡብ ተሠርተው በኖራ የተያያዙ ናቸው፤ ቅርጻቸውም መካከሉ ሰፍቶ ወደ እግሩ የሚጠብብ፥ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመስል ነው። ሥፍራው ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ዴቪድ ፊሊፕሰን በሚመራው ጓድ እንደ ገና ተቆፍሮ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ድንቅ ሥራዎች ተገኙበት። የመቃብሩም ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ አራተኛው ምእት ዓመት እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እንግዲህ የአክሱም ሰዎች አፈሩን ያውቁ ነበር፤ ምድጃውን ያውቁ ነበር፤ ጡብን በቅስት አጉብጦ ሸክም ማሸከምንም ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተነሡት ታላላቅ ሕንጻዎቻችን ግን የሚበዙት በሌላ ጥበብ የተሠሩ ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋይና እንጨት በተራ እየተደራረበ ተሠራ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ተፈለፈሉ፤ በጎንደርም ዐፄ ፋሲል ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያቆሙት ግንብ በድንጋይና በኖራ ተገነባ። ድንጋይ ለመጥረብ የሚያስፈልገው ጉልበትና ብልሃት ነው። ኖራም ቢሆን መቃጠል ያስፈልገዋልና ብዙ እንጨት የሚበላ ነበር፤ ስለዚህ የነገሥታትና የቤተ ክርስቲያን እንጂ የባላገር ሀብት አልሆነም።

ባላገሩ ቤቱን የሚሠራው በአጠገቡ ባገኘው ነው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው ነው። ድንጋይ በሚበዛበት በሰሜን አገር የድንጋይ ህድሞ ይሠራል። በሸዋና በጎጃም ደግሞ ቋሚ እንጨት በክብ ይተከላል፤ በማገር ይታሰራል፤ በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ ለብዙ ቀን እየተረገጠ ይቦካል፤ ጭዱ በውስጡ ሲበሰብስ ጭቃው እንደ ሊጥ ይለጥጣል፤ ሲደርቅም በቶሎ አይሰነጠቅም። በኋላ ይመረጋል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ በእበትና በዐመድ ይለሰናል፤ ጣራውም በሣር ይከደናል። ይህን ሁሉ የሚሠራው የሰፈሩ ሰው በደቦ ተሰብስቦ ነው፤ ባለቤቱ የሚያወጣው ጠላና እንጀራ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ርካሽ ነው፤ በብርድ ጊዜ ይሞቃል፤ በሙቀት ጊዜ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን በየዓመቱ የሚጠብቀው እጅ ያስፈልገዋል። ከግንቦት በፊት ጣራው ካልተጠገነ፥ የፈረሰው ልስን ካልተመለሰ፥ ክረምቱ ግድግዳውን ወደ መሬት ይመልሰዋል።

አሁን ዓይናችንን ወደ ሩቅ አገር እናንሣ። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት መጀመሪያ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፥ ባለጸጋው ገበሬ በእርሻው መካከል የጡብ ቤት ይሠራ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ዛሬም ብዙዎቹ ቆመዋል፤ መልካቸውም በቶሎ የሚታወቅ ነው። በር በመካከል፥ በግራና በቀኝ እኩል መስኮቶች፤ በላይኛው ፎቅም በዚያው ልክ የተደረደሩ መስኮቶች፤ በሁለቱ ዳር የጢስ መውጫ ግንብ። ከፊት ያለው የእንግዳ ክፍልና የባለቤቱ መቀመጫ ነው፤ ወደ ኋላ ወጥ ቤቱ፥ ፀሐይ በማይደርስበት በሰሜን በኩል ደግሞ ቅቤና አይብ የሚሠራበት ቀዝቃዛ ክፍል ይገኛል። ከዚያ ወዲያ የከብቱ ጋጥ፥ የፈረሱ ቤትና ጎተራው በግቢው ዙሪያ ይቆማሉ። ሴቲቱ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና ግቢውን ሁሉ ታያለች። የቤቱ ፊት የጌታ ቤት ይመስላል፤ ጀርባው ግን የሥራ ቤት ነው።

ይህ ቤት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደ እሳቱ ይመልሰናል። ቀድሞ የእንግሊዝ ገበሬም እንደ እኛ ባላገር በእንጨት ቋሚና በጭቃ ምርጊት ቤት ይኖር ነበር፤ ጣራውም ሣር ነበር። ደኑ እየሳሳ ሲሄድ ግን ከመሬት በታች የተገኘው የድንጋይ ከሰል እንጨቱን ተካው፤ በተቆፈሩት የውኃ መንገዶችና በኋላም በባቡር ከሰሉ ወደ ሩቅ ገጠር ደረሰ። ገበሬው በመከር ጊዜ በማሳው ዳር ያለውን አፈር ያስቆፍራል፤ አፈሩ ክረምቱን በብርድና በውርጭ እየተፈረካከሰ ይቆያል፤ በጸደይ ይቀረጻል፤ በበጋ ይደርቅና በዚያው ሜዳ ተከምሮ ይቃጠላል። አፈሩ ብረት ያለበት እንደ ሆነ ጡቡ ይቀላል፤ ኖራ የበዛበት እንደ ሆነ ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ የቤቱን ቀለም ያየ አዋቂ ሰው ቤቱ ከየትኛው አውራጃ እንደ ሆነ ሊናገር ይችላል። ጣራውን የሚከድነው ጥቁር ስስ ድንጋይ ግን ከዌልስ ተራራ በመርከብና በባቡር የመጣ ነው። እንግዲህ ግድግዳው የገበሬው የራሱ ማሳ ነው፤ ጣራው ደግሞ የባቡሩ ስጦታ ነው።

መንግሥትም በዚህ ነገር ውስጥ እጁን አስገብቶ ነበር። በአሜሪካ ጦርነት ያለቀውን ገንዘብ ለመተካት በ1784 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጡብ ላይ ቀረጥ ተጣለ። ቀረጡ በቍጥር ነበረና ሠሪዎቹ ቍጥሩን ለማሳነስ ጡቡን አተለቁት፤ በ1803 ደግሞ መንግሥት በትልቁ ጡብ ላይ እጥፍ ቀረጥ አደረገበት። በመስኮትም ላይ ቀረጥ ነበረ፤ ብዙ ሰው ቀረጡን ሽሽት መስኮቱን በጡብ ደፍኖ በጨለማ ተቀመጠ። የመስታወት ቀረጥ በ1845፥ የጡብ ቀረጥ በ1850፥ የመስኮት ቀረጥ በ1851 ተሻረ። የገበሬው ቤት መስኮቶች ሰፊና ብሩህ ሆነው የምናያቸው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው የቤት መልክ ከሠሪው ፈቃድ ብቻ የሚወጣ አለመሆኑን ነው፤ የማገዶ ዋጋና የገዥ ሕግም ግድግዳውን ይቀርጹታል።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር ምን ነበረ? በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው በአንኮበር ይቀመጡ ነበር። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ከተላከው ከሻምበል ሐሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። የመልእክቱ ሰዎች በሸዋ በቆዩበት ጊዜ ለንጉሡ በአውሮፓ ሥርዓት የተቀረጸ አዳራሽ እንደ ሠሩላቸው ሐሪስ በመጽሐፉ ተርኳል። አንድ አዳራሽ ግን የአገርን የቤት ሥራ ሊለውጥ አይችልም። እንግሊዛዊው የቤቱን ሥዕል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የአገሩን የከሰል ጉድጓድና የውኃ መንገድ ግን ይዞ ሊመጣ አይችልም።

የሸዋ ነገሥታት ከተማም ከማገዶ ጋር የተቈራኘ ነበር። ሠራዊት፥ ካህናት፥ አሽከርና ገረድ በአንድ ሥፍራ በተቀመጡ ጊዜ በዙሪያው ያለው ደን በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ እንጨት ፍለጋው አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ከተማው ራሱ ተነሥቶ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። ዐፄ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ ከዚያም ወደ እንጦጦ ተራራ መጡ። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ በዚያው አጠገብ በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተቀባው አሮጌው ቤተ መንግሥት ዛሬም ይታያል። ነገር ግን ተራራው ብርዳም ነበረ፤ እንጨቱም አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ።

አዲስ አበባም ያው እጣ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር። ከተማዪቱ ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት እንጨቱ አልቆ ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደን ወዳለበት ሥፍራ ለመዛወር አሰቡ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ተጀመረ፤ መንገድም ተቀየሰ። በኋላ ግን አሳቡ ተለወጠና በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አሳቡን ከለወጡት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን በ1880ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ዛፉ በአምስትና በስድስት ዓመት ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ይበቅላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ እንዲተክል አበረታቱ። ዛፉ ውኃ ይጠጣል፥ መሬት ያደርቃል የሚል ክስ ያን ጊዜም ነበረበት፤ ዛሬም አለበት። ቢሆንም በአንድ ሥፍራ የጸናች ዋና ከተማ እንድትኖረን ያደረገው እርሱ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከተማው እንደማይነቀል ባወቀ ጊዜ ሰው ለልጅ ልጅ የሚሆን ቤት መሥራት ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መሬት ደንብም ቦታን በባለቤትነት መያዝንና መሸጥን ስለ ፈቀደ ይህን አሳብ አጸናው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ያሠሩት ቤት የራሱ የሆነ መልክ አለው። ቤቱ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ይሠራል፤ በዙሪያው የአሽከሮችና የወታደሮች ጎጆ ይሰፍራል፤ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር በመኰንን ስም የሚጠራውም ስለዚህ ነው። ምድር ቤቱ በጥቁር ድንጋይ ይገነባል፤ ዕቃና እህል ይቀመጥበታል። ፎቁ በእንጨት ቋሚና በጭቃ ምርጊት ይሠራል፤ ጭቃው ቀላል ነውና መሠረቱን አያስጨንቀውም። በዙሪያው የተቀረጸ መደገፊያ ያለው የእንጨት በረንዳ ይዞራል፤ ደረጃው ከውጭ ይወጣል፤ በጣራው ጫፍም እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሳንቃ ይሰቀላል።

ይህ በረንዳ የራሱ ታሪክ አለው። በህንድ አገር የቤንጋል ባላገር ጣራው እስከ በረንዳ የተዘረጋ ጎጆ ነበረው፤ በዚያ የተቀመጡት የእንግሊዝ ሹማምንት ቅርጹን ወደው የራሳቸው አደረጉት። ከህንድ የመጡት ግንበኞችና አናጢዎች ደግሞ ያንን ጥበብ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት መጡ። ህንዳዊው ወሊ መሐመድና አርመናዊው ሚናስ ኸርቤክያን በዚያ ዘመን ሥራ ስማቸው ይነሣል። እንግዲህ የቪክቶሪያ ዘመን የቤት ሥራ ወደ እኛ የደረሰው ከእንግሊዝ ማሳ በቀጥታ አይደለም፤ በህንድ አናጢ መጋዝ በኩል ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከእልፍኙና ከአዳራሹ ሥርዓት ጋር አዋሐደው። በጉለሌ የሚታየው የሼኽ ሆጀሌ ቤት የዚህ ምስክር ነው፤ የሰፈሩ ስም ሾጎሌ የተባለውም ከእርሳቸው ስም የተነሣ ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልም ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል።

ጣራውንስ ማን ለወጠው? ቀድሞ ቆርቆሮ ከጂቡቲ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ ነበርና የባለጸጋ ዕቃ ነበር። ባቡር በ1894 ዓ.ም. ገደማ ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ግን ዋጋው ቀነሰ፤ ሣሩን ሁሉ እየነቀለ በቦታው ተተካ። በእንግሊዝ የዌልስ ድንጋይ በባቡር መጥቶ የሣር ጣራን እንዳስቀረ፥ በእኛም ቆርቆሮ በባቡር መጥቶ ይህንኑ አደረገ። ጡብ ግን ዘገየ። ለምድጃ የሚበቃ እንጨት በከተማው ዙሪያ የተገኘው ባሕር ዛፉ ካደገ በኋላ ነው፤ በጡብ የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች የበዙትም ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። የዛሬው ግንበኛ ደግሞ ጡቡን ትቶ በሲሚንቶ ወደሚሠራው ብሎኬት ዞሯል።

በመካከሉ ከተማው በእሳት አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከወጡበት ከሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጠላት እስከ ገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን ድረስ ብዙ ቤትና ሱቅ ተዘርፎ ተቃጠለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ግፍም ፋሽስቶች የድሆችን ጎጆ ሰው በውስጡ ሳለ አነደዱት። የእንጨት ቤት በሰላም ጊዜም ከእሳት አያመልጥም፤ በእቴጌ ጣይቱ ዘመን የተከፈተው ሆቴል በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በከፊል የተቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። እሳት ጡብን ይሠራል፤ የእንጨትን ቤት ግን ያጠፋል።

ከእሳት የተረፉትን አሮጌ ቤቶች ሌላ ነገር ጠበቃቸው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከመኳንንቱ ቤት ብዙዎቹ በቀበሌ እጅ ገቡ፤ አንድ ቤተ ሰብ የኖረበት አዳራሽ በሳንቃና በጨርቅ ተከፍሎ ለብዙ ቤተ ሰብ ተከራየ። ኪራዩ ጥቂት ነበረና ድሃው መጠጊያ አገኘ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው በጎ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ጥቂት ኪራይ ጣራ አይጠገንም፤ ተከራዩም የእርሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ አያወጣም። ያ ዐዋጅ ቤቶቹን ከመሸጥና ከመፍረስ አዳናቸው፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ የሚጠግን እጅ አሳጥቶ አደከማቸው። የእንግሊዙ የጡብ ቤት ሃያ ዓመት ባይጠገን ይታገሣል፤ የእኛ የጭቃ ፎቅ ግን ሦስት ክረምት አይታገሥም። ቆርቆሮው ከተበሳ ውኃው ወደ ምርጊቱ ይወርዳል፤ ምርጊቱ ሲርስ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ቋሚው ሲበሰብስ በረንዳው ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ ቤቱ አርጅቷል ይላል። ቤቱን ያስረጀው ግን ዕድሜ ሳይሆን አንድ ያልተመታ ሚስማር ነው።

በከተማችን በምዕራብ በኩል ያለው፥ ስሙን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያገኘው የልደታ ሰፈር የዚህን ነገር ፍጻሜ አይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሰፊ ቦታ ላይ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ባለ ብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ሕንጻዎች ቆሙ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በአካባቢው ለመንገድና ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ለሁሉም ማዘን ተገቢ አይደለም። በሚያፈስ ጣራ ሥር፥ ያለ በቂ ውኃና ያለ መጸዳጃ ለኖረች እናት አዲሱ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ምቾትዋን ለታሪክ ፍቅር ብላ እንድትተው ሊጠይቃት የሚችል የለም። ይሁን እንጂ ከፈረሰው ግድግዳ ጋር አብሮ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የአሠራሩ ዕውቀት ነው።

ይህን ስንል አክሱምን ማስታወስ ይገባናል። በአራተኛው ምእት ዓመት የጡብ ቅስት ያጎበጠው ግንበኛ ጥበቡን የሚያስተምረው ልጅ ነበረው ይሆናል፤ ለልጅ ልጆቹ ግን አልደረሰም። እኛ ጥበቡ እንደ ነበረ ያወቅነው መቃብሩ ከመሬት በታች ተቀብሮ ስለ ቆየ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ በረንዳ ግን ከፈረሰ በኋላ ከመሬት በታች አይቆይም፤ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል፤ ጭቃው በዝናብ ይታጠባል። ቆፍሮ የሚያገኘው የታሪክ መርማሪ አይኖርም።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 ሕጉን ሰጥቶናል፤ የቀረው ሥራው ነው። ሊጠበቅ የሚችለው ቤት ይጠበቅ፤ ሰውም ይኑርበት፤ ሰው የማይኖርበት ቤት በቶሎ ይወድቃልና። የግድ የሚፈርስ ቤት ቢኖር ግን ከመፍረሱ በፊት ይለካ፤ ፕላኑ ይነሣ፤ ፎቶግራፉ ይወሰድ፤ ቋሚው ከወራጁ ጋር እንዴት እንደ ተጋጠመ፥ ምርጊቱ ምን ጭድ እንደ ገባበት፥ መሠረቱ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ይጻፍ። በየሰፈሩ ያሉት ሽማግሌ አናጢዎችና መራጊዎችም ገና በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ በሕንጻ ትምህርት ቤት ያለው ወጣት ከሲሚንቶው ጋር ጭቃውንም በእጁ አቡክቶ ይማር። ይህን ለመጀመር ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ የመለኪያ ሜትር፥ አንድ ደብተርና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይበቃል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየሰፈራችን ካለው አሮጌ ቤት በአንዱ ብንጀምር መልካም ነው።